የእህቴን ስላይድ ያነበብኩ ቀን

ሰውየውን አልወደውም። ይኸው፣ ተናገርኩት፤ ከእንግዲህ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ የለም። ክፉ ስለሆነ አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ምን ቸገረኝ፣ በደስታ እጠላው ነበር! ጨዋ ነው። ሳያንኳኳ አይገባም፣ ሻይ ሲመጣ ስኳሩን ቀድሞ ለኔ ያቀብላል፣ ባለቤቴ ወገቡን የታመመ ጊዜ ሁለት ፎቅ ተሸክሞ ያወረደው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ መቅናት እንዴት እንደሚያንገበግብ የቀመሰው ያውቀዋል፤ ለመጥላት የሚሆን ሰበብ እንኳ አይሰጥም።

ሥራችን አንድ ነው። ሁለታችንም ሐኪሞች ነን፣ ግን በሽተኛ አያውቀንም። የምንውለው በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ሁለት ማይክሮስኮፕ፣ አንድ የሚያጓራ ማቀዝቀዣና አንድ መስኮት ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ላይ ያሉት ሐኪሞች ከሰው ጡት፣ ከሰው ጨጓራ፣ ከሰው ማህፀን የሩዝ ፍሬ የምታህል ሥጋ ቆንጥረው ይልኩልናል። ቴክኒሺያናችን ሰም ውስጥ ይቀብራታል፣ ከፀጉር አሥር እጥፍ አሳስቶ ይቆርጣታል፣ መስታወት ላይ አንጥፎ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ያጠጣታል። ያ መስታወት ስላይድ ይባላል። እኔ እሱን አየውና «ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» ብዬ እፈርማለሁ። ወሬውን ለበሽተኛው የሚነግረው ላይ ያለው ሐኪም ነው፤ ምስጋናውንም እርግማኑንም የሚወስደው እሱ ነው። ባለቤቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ «ያንቺና የኔ ሥራ አንድ ነው፣ ሲበላሽ ብቻ ነው የምንፈለገው» እያለ ይስቅብኛል።

በዚህ ሥራ የተለከፍኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። መጀመሪያ ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበስኩ ዕለት ቀና ማለት እምቢ አልኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ልጆች ሲንጫጩ መምህራችን «ኧረ ይህቺን ልጅ ከወንበሩ ንቀሏት!» አለ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነቀለኝም። አሥራ ስምንት ዓመት ከአንድ ሽማግሌ ሐኪም ጋር ሠራሁ። እሱ ጡረታ ሲወጣ አራት ዓመት ብቻዬን አነበብኩ። ያ የኔ ዘመን ነበር! ቀዶ ጥገና ሐኪሞቹ፣ እነዚያ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው የሚሄዱት፣ ደረጃውን ወርደው በሬ ላይ ቆመው «ዶክተር፣ ምን አሉ?» ይሉኝ ነበር። እኔም ሆን ብዬ ሻዬን ጨርሼ ነበር የምመልስላቸው።

ከዚያ አዲሱ መጣ። ይኸው አራት ዓመቱ፣ አሁንም «አዲሱ» ነው የሚባለው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ፀጉሩ አንድም ሽበት የለውም። በመጣ በስድስት ወሩ አንዱ ቀዶ ጥገና ሐኪም ስልክ ደውሎ ውጤት ጠየቀኝ። ነገርኩት። «አዲሱስ አየው?» አለኝ። በቃ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም «ሌላ ሰው አየው ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

የሚገርመው ደግሞ ሁለታችንም አንድ ስላይድ እያየን የተለያየ ነገር መጻፋችን ነው። ለማያውቅ ሰው ጉድ ነው። ካንሰር ወይ አለ ወይ የለም፣ አይደል? ኧረ ተዉኝ! ገና ሲጀምር እንዲያ አይደለም። ጤነኛ ሴሎች ተራቸውን ጠብቀው ይቆማሉ። ከዚያ መጋፋት፣ መጥቆር፣ ቅርጻቸውን መለወጥ ይጀምራሉ። ከሥራቸው ስስ ሽፋን አለች፣ እንደ ግቢ አጥር በሏት። እኔን ያስተማሩኝ ሰዎች አጥሩን ካልዘለለ ሌባ አትበይው ብለውኛል። እሱን ያስተማሩት ደግሞ ገና ግቢ ውስጥ ሆኖ ቢላ ሲስል ካየኸው ይበቃሃል ብለውታል። የኔዎቹ ያለ አበሳው የሰው ሆድ እንዳይቀደድ ይፈራሉ፤ የሱዎቹ ጊዜው እንዳያልፍ ይፈራሉ። ሁለቱም ፍርሃት ልክ ነው። ችግሩ በሽተኛው አንድ፣ ሆዱም አንድ መሆኑ ነው።

ስለዚህ እሱ «ካንሰር» ሲል እኔ «እንጠብቅ» እላለሁ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሁለት ተለማማጅ ሐኪሞች ከፊቴ ሲወርዱ «ለአዲሱ ልስጠው ወይስ ለዶክተር እንጠብቅ?» ሲባባሉ ሰማኋቸው። ዶክተር እንጠብቅ! ሃያ ስድስት ዓመት ዓይኔን አፍስሼ ያተረፍኩት ስም ነው። ተከትያቸው ገብቼ «ዶክተር እንጠብቅ እዚህ አለች» ብላቸው አንደኛው እጁ ላይ ያለውን ወረቀት ጣለው።

አንድ ነገር ግን የኔ ነው፤ ማንም አይቀማኝም። የሐሙስ ቆርቆሮ። ከሽማግሌው ጋር ሳለሁ ያመጣሁት ሐሳብ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቴክኒሺያናችን ከመደርደሪያው አምስት የቆዩ ስላይዶች ይመርጣል። ስናነብ በቀለም ያደረግንባቸውን ምልክት በአልኮል ይጠርጋል፣ ቁጥሩን በፕላስተር ይሸፍናል፣ በላዩ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ ብሎ ይጽፍበታል። ማን እንደሆነ፣ መጀመሪያ ምን እንደተባለ አናውቅም። ለየብቻ እናነብና በቁራጭ ወረቀት ጽፈን የድሮ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እንከታለን። ከዚያ ቴክኒሺያኑ ጮክ ብሎ ያነብልናል። ዓይናችን እንዳያታልለን ነው ብዬ ነው የጀመርኩት። አዲሱ ከመጣ በኋላ ግን ለዓይኔ ጤና አይደለም የምጠብቀው፤ እሱ ሲሳሳት ለማየት ነው። ልቤ ውስጥ እንደ ኳስ ጨዋታ ውጤት እይዛለሁ። እሱ የሚይዝ አይመስለኝም፤ ይህም ያናድደኛል።

ቴክኒሺያኑን ጋሽ ምላጭ እንለዋለን። ሠላሳ አንድ ዓመት ሥጋ በምላጭ ሲያሳሳ ኖሯል። የሱ ቁራጭ ሲቀመጥ እንደ ተተኮሰ ሐር ነው። ብዙ አይናገርም፣ ቢያስቀይሙት ግን አይረሳም።

አሁን ወደ ሚጣ ልምጣ። ሚጣ ታናሽ እህቴ ናት። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሦስት ልጆች ወልዳለች፣ አሁንም ሚጣ ናት። ከኔ ስድስት ዓመት ታንሳለች። እናታችን ገበያ ስትውል ያጠብኳት፣ ፀጉሯን የሠራሁላት፣ የፈተና ካርዷ ላይ «የወላጅ ፊርማ» የሚለው ቦታ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። የልብስ ስፌት ቤት አላት፤ በሦስት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። አፏ አያርፍም። አፏ ውስጥ አምስት መርፌ ይዛ እንኳ ትቀልዳለች። ግን እኔን ሳትጠይቅ ምንም አታደርግም። ባሏን ሳታገባ «እታለም፣ እይው እስቲ» ብላ አምጥታዋለች። አይቼ «ይሁን» አልኩ፣ አገባችው። ጨርቅ ስትገዛ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ስታስገባ፣ ጥርሷን ስታስነቅል ሳይቀር እታለም ካላለች አይሆንም።

ባለፈው ዓመት ጨጓራዋን ያማት ጀመር። ወራት አለፉ። በኔ ጉትጎታ ካሜራ ያለው ቱቦ ዋጠች፤ ሐኪሙ የማያምር ቦታ አይቶ ቆንጥሮ ወሰደ። ያንኑ ዕለት፣ ጉሮሮዋ ገና እንደደነዘዘ፣ ደረጃውን ወርዳ እኛ ክፍል መጣች። ወደ ውስጥ አልገባችም። በሩን ተደግፋ «እታለም» አለችኝ።

«ወዬ ሚጣዬ።»

«የኔን አንቺ እንዳታይው። ያ ልጅ ይየው።»

የሰማሁት አልመሰለኝም። «የቱ ልጅ?»

«አዲሱ ነው የምትሉት። እሱ ይየው።»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

እንዲሁ! «እንደፈለግሽ» አልኳት፤ ፈገግም አልኩ መሰለኝ። ቤቴ ገብቼ ግን ድስቱን ከምድጃው፣ ክዳኑን ከድስቱ ሳጋጭ ባለቤቴ ብቅ ብሎ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለ።

«ምንም።»

«እንግዲያው ድስቱ ምን አደረገሽ?»

ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝና «ታዲያ አንቺ ስትታመሚ የምትሄጂው ወደ እህትሽ ነው? እሷም ሌላ ሐኪም ፈለገች፤ ምን ይገርማል?» አለ። ልክ ነው። ግን የሰው ልብ በልክ አይሠራም። ሌሊቱን እየተገላበጥኩ ያሰብኩት ስለ ጨጓራዋ አልነበረም። ባሏን እንኳ እኔ የመረጥኩላት ልጅ፣ ለነፍሷ ሲሆን እሱን መረጠች። ይህንን ነበር የማላምጠው።

ከሦስት ቀን በኋላ አዲሱ አንድ ስላይድ በመዳፉ ይዞ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ። እንደ ወትሮው አልተቀመጠም። እሱ ከመጣ ወዲህ አንድ ደንብ አለን፤ ካንሰር ነው የሚል ውጤት ሁለት ፊርማ ሳይኖረው ከክፍሉ አይወጣም። ሁለታችን ካልተስማማን «አጠራጣሪ» ተብሎ ይጻፍና ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ናሙና ይወሰዳል።

«ዶክተር» አለኝ፣ «ይህንን እርስዎ ባያዩት ይሻላል። የእህትዎ ነው። ለሌላ ሆስፒታል ልላከው።»

«ሁለተኛው ፊርማ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ግን...»

«እንግዲያው አምጣው።»

ምልክቱን ጠርጎ ነው የሰጠኝ፣ ደንቡን አያፈርስም። ምን እንዳነበበም አልነገረኝም። ፊቱ ግን ነግሮኛል። አጎነበስኩ። ሴሎቹ ተጋፍተዋል፣ ጠቁረዋል። ጥግ ላይ፣ ከሽፋኗ በታች፣ አራት ወይም አምስት ሴሎች ለብቻቸው ቆመዋል። አጥሩን ዘለዋል። አየኋቸው። አላየሁም ብዬ አልዋሽም፤ ዓይኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተማረው እነሱን ለማየት ነው።

ግን የዚያን ጊዜ ያሰብኩትን ልናገር። ሚጣ ለዘመድ አዝማዱ «ያ ልጅ ባይኖር ኖሮ አልቆልኝ ነበር» ስትል ታየኝ። እሷ መረጠችው፣ እሱ አገኘው፣ እኔ ደግሞ እንደ ጸሐፊ ከሥሩ ፈረምኩ። በእርግጥ ሌላም ነገር ነበር፤ የእህቴ ሆድ ውስጥ ካንሰር እንዲኖር አልፈለግሁም። ማን ይፈልጋል? የቱ ፍቅር እንደሆነ፣ የቱ ቅናት እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ ለመለየትም አልሞከርኩም። እስክሪብቶዬን አነሳሁና ጻፍኩ። «ከባድ የሴሎች መዛባት። ካንሰር ለማለት አያስደፍርም። ጥግ ላይ ያሉት ሴሎች ከሽፋኑ በታች የመሰሉት ናሙናው በሰያፍ ስለተቆረጠ ነው።»

አዲሱ አነበበው። «በሰያፍ?» አለ ቀስ ብሎ።

«በሰያፍ።»

«ጋሽ ምላጭ በሰያፍ ቆርጦ ያውቃል?»

«ሰው አይደለም እንዴ? ዛሬ ቆረጠ።»

ስላይዱን ወስዶ እንደገና አየው። ብዙ ቆየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «እርስዎ ከኔ ብዙ አይተዋል» አለ። አራት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት። እንደ ማር ጣፈጠችኝ። ዛሬ ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ቀሪውን ቀን እያንጎራጎርኩ ነው የዋልኩት። ውጤቱም «አጠራጣሪ» ተብሎ ወጣ።

ወሬውን ለሚጣ ራሴ ወሰድኩት። መኪናዋ ላይ ተደፍታ ኮሌታ ትሰፋ ነበር። «ካንሰር አይደለም፤ ከሦስት ወር በኋላ ለጥንቃቄ ይደገማል» ስላት ብድግ ብላ አቀፈችኝ፤ ሠራተኞቿ እልል አሉ። ከዚያ፣ ዝም ብል ምን ነበረበት፣ «ራሴ ነኝ ያየሁት» አልኳት።

እጇ ከትከሻዬ ወረደ። «አንቺ እንዳታይው ብዬሽ አልነበር?»

«ሁለተኛ ፊርማ ያስፈልጋል። ደንብ ነው።»

«እሱስ ምን አለ?»

አንጀቴ አረረ። እኔ፣ እናት ሆኜ ያሳደግኋት፣ ፊቷ ቆሜ እየነገርኳት፣ እሱስ ምን አለ! «እሱም ተስማምቷል» አልኩና ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ሚጣ ከሳች። የትምህርት መክፈቻ ደርሶ ዩኒፎርም ስለበዛባት ነው አልኩ። ማስታገሻውን ዋጪ፣ ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ አልኳት፤ እሺ አለች፤ እታለም ካለች አለች ነው። እኔ ሥራ ቦታ ደልቶኛል። አዲሱ ከዚያ ወዲህ አጠራጣሪ የሆነውን ሁሉ ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መምጣት ጀምሮ ነበር። «እርስዎ እንዴት ያዩታል?» ይለኛል። ሻዬን ጨርሼ እመልስለታለሁ።

ሆድና ጀርባ የሆንነው ከጋሽ ምላጭ ጋር ነው። እሱ ውጤቶቹን ከስላይዱ ጋር አያይዞ መደርደሪያ ላይ ሲያስቀምጥ የጻፍኩትን አንብቧል። በሰያፍ የተቆረጠ! «እንደምን አደሩ» ስለው ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ጭንቅላቱን ውስጥ ይከታል። ይለፍለት ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ መጣ። አምስት ስላይድ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ። ሦስቱ ቀላል ነበሩ። «መ»ን ሳስቀምጥ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ጨጓራ ነው። ሴሎቹ ተጋፍተዋል፣ ጥግ ላይ ሽፋኑን ጥሰው ወርደዋል። ብዙ ጨጓራ አንብቤያለሁ፣ ሁሉም ይመሳሰላል፤ የማን እንደሆነ አላሰብኩም። «ካንሰር። ሽፋኑን አልፏል። ይህንን ያለፈ ሰው ካለ መነጽር ይግዛ» ብዬ ጻፍኩና ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩት። ስለ መነጽሩ ለማን እንደጻፍኩ መናገር አያስፈልገኝም።

ጋሽ ምላጭ ቆርቆሮውን ከፍቶ ያነብ ጀመር። ሀ፣ ተስማምተናል። ለ፣ ተስማምተናል። ሐም እንዲሁ። «መ» ላይ ሲደርስ የኔን አነበበ፣ መነጽሩንም ጭምር። አዲሱ ሳቅ አለ። ከዚያ የሱን አነበበ። «አጠራጣሪ። በሰያፍ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል።»

«አገኘሁህ!» አልኩ። ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። እውነቴን ነው፣ ልጅ ሆኜ እንኳ እንዲያ ተደስቼ አላውቅም። «አንተ! አዲሱ! ይህ ያጠራጥራል? በአንድ ዓይኔ ባየውም ካንሰር ነው! ቆይ፣ ማነው መጀመሪያ ያነበበው? ጋሼ፣ ይላጡት እስቲ፣ ቁጥሩን እንይ።»

ጋሽ ምላጭ ፕላስተሩን ቀስ ብሎ ላጠው። አላነበበውም። ስላይዱን ፊቴ አስቀመጠው። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ይቅርታ ዶክተር» አለ ጋሽ ምላጭ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ቆርጫለሁ። በሰያፍ ቆርጬ አላውቅም። እንዲያዩት ብዬ ነው።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ማቀዝቀዣው ያጓራል። አዲሱ የራሱን ቁራጭ ወረቀት አንስቶ እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ ያየዋል። የኔ ቃል ነው፣ በሱ እጅ የተጻፈ። «ስድስት ሳምንት በሐሳቤ ስመላለስበት ነበር» አለ። «እርስዎ ካሉ ብዬ የራሴን ዓይን ማመን አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ጥግ ላይ ሴል ባየሁ ቁጥር በሰያፍ ይሆናል እላለሁ።»

ይህንን ሁሉ ጊዜ ዓይኑ ላይ ነበር የቀናሁት። ያንኑ ዓይን አበላሸሁት።

«ዓይንህ ልክ ነው» አልኩት። እነዚህን ሦስት ቃላት ለማውጣት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። «የመጀመሪያው ንባብህ ልክ ነው። ጋሼ፣ የርስዎም ቁራጭ ቀጥ ያለ ነው። ውጤቱን አምጡ፣ አርሜ ልፈርም።»

ፈርሜ ወጣሁ። ስፌት ቤቷ እስክደርስ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ታክሲ መኖሩንም ረስቼዋለሁ። ሚጣ አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ሱሪ ትለካ ነበር። ፊቴን አይታ መርፌዎቹን አንድ በአንድ አወጣቻቸው፣ ሠራተኞቿን «ሻይ ጠጥታችሁ ኑ» ብላ አስወጣቻቸው። ነገርኳት። ሁሉንም፣ ከ«እንዲሁ» ጀምሮ እስከ ፕላስተሩ።

«ስታይው ካንሰር መሆኑን አውቀሻል?»

«አውቄያለሁ። ላውቅ አልፈለግሁም።»

«ለምን?»

«እሱ ቀድሞ ስላወቀው። አንቺ እሱን ስለመረጥሽ።»

መቀሱን ከፍታ ዘጋችው። «እናንተ ሰዎች በኔ ሆድ ነው የምትፎካከሩት?»

«እሱ አልተፎካከረም። እኔ ነኝ።»

ትጮሃለች ብዬ ነበር። መቀሱን ትወረውርብኛለች ብዬም ነበር። እሷ ግን ያልጨረሰችውን ሱሪ አጥፋ ከረጢት ውስጥ ከተተች። «ስድስት ሳምንት» አለች። ከዚያ «መቼ ነው የሚቀድዱኝ?» ብላ ጠየቀች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የጨጓራዋ ግማሽ ወጣ። ወደኛ ክፍል ሲመጣ እጄን አላስነካሁም። ኮሪደሩ ላይ፣ ልብስ ማጠቢያው በር አጠገብ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ውጤት ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር ለካ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁ። በስድስተኛው ቀን አዲሱ ወጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሴሎቹ ከሽፋኑ ብዙ አልራቁም» አለ። «ከሃያ አንዱ ንፍፊቶች ሃያው ንጹሕ ነው።» ንፍፊቶች ጨጓራው ዙሪያ ያሉ ትናንሽ ዕጢዎች ናቸው፤ ካንሰር አጥሩን ከዘለለ መጀመሪያ የሚደርሰው እነሱ ጋ ነው።

«አንዱስ?»

«አንዱ ውስጥ አለ።» ቀጥሎም «ከስድስት ሳምንት በፊትም እዚያው ሳይኖር አይቀርም» አለኝ።

ሊያጽናናኝ ነው። ስላይድ ቀን እንደማይናገር እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ያቺ አንዷ ንፍፊት መቼ እንደተነካች ማንም፣ መቼም፣ ሊነግረኝ አይችልም።

ለሚጣ የነገራት ራሱ አዲሱ ነው፤ እኛ ሥራ ላይ ያልተለመደ ነገር ነው። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጦ ሁሉንም በግልጽ ነገራት። ለወራት የሚወሰድ ከባድ መድኃኒት እንዳለ፣ ፀጉሯ ሊረግፍ እንደሚችል፣ ተስፋው ግን ጥሩ እንደሆነ። «ቁንዶ በርበሬ የሚያህል ፀጉር ነው ያለኝ፤ ይርገፍ!» አለችው። ሳቀላት። እጁን በሁለት እጇ ይዛ «ተባረክ ልጄ፣ ክፉ አይንካህ» አለችው። እኔ እግሯ ሥር ቆሜያለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ጊዜም ቀናሁ። የእህቴን ሆድ ካስበላሁ በኋላ እንኳ፣ ያ እጅ የኔ እንዲሆን ፈለግሁ።

ሲወጣ ጠብቄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ሚጣ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። መጀመሪያውኑ ለምን እሱን መረጥሽ? ከኔ ይበልጣል ብለሽ ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። እንደዚያ ግራ ተጋብታ ስታየኝ አላስታውስም።

«ከአንቺ ማን ይበልጣል?» አለች። «አንቺ እኮ አትሳሳቺም ብዬ ነው። መጥፎ ከሆነ ዓይንሽ እንደሚያገኘው አውቃለሁ። ሞቴን በእጅሽ እንዳትጽፊው ብዬ ነው እሱ ይየው ያልኩሽ። እኔ ብሞት ያንን ወረቀት ዕድሜ ልክሽን ስታነቢው ትኖሪያለሽ ብዬ።»

ይህንን ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ዞራ እያለች «ጻፍሽው ግን» አለች። «ያውም ውሸቱን።»

አለቀስኩ። ድምፅ አውጥቼ ነው ያለቀስኩት፤ ጎረቤት አልጋ ላይ ያለችው ሴትዮ መጋረጃዋን ሳበች። ሚጣ ከኮሪደሩ የልጆቿ ድምፅ ሲሰማ ነው የዞረችው። ትራሷን አስተካክላ ቀና አለችና «ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ» አለችኝ። «ልጆቼ መጡ። እነሱ ይህንን አያውቁም፤ ከኔ አይሰሙትም።»